ያገለገለ ኤሌክትሮኒክ ድራም ስትቀይሩ የቱን ትመርጣላችሁ? አራት መንገዶች ጎን ለጎን

የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ድራሜ የጎማ ፓድ (በዱላ የሚመታው ገጽ) ነበረው። ብዙ አስተምሮኛል። ሁለት ዓመት ገደማ ስለማመድበት ግን እጄ ቀደመው። ስኔሩ (ጉልበት ፊት የሚቀመጠው ዋናው ከበሮ) ላይ በስሱ የምነካቸው ምቶች አንዳንዴ ይሰማሉ፣ አንዳንዴ ይዋጣሉ። በእግር የሚከፈተውና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል፣ ሃይ-ሃቱ፣ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ፤ መሃል የለውም። የተሻለ ልግዛ አልኩ። ለአዲስ የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረኝ ያገለገለ ማየት ጀመርኩ። ግራ መጋባቱ የመጣው ያኔ ነው።

ያገለገለ ድራም ስታፈላልጉ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮች በተቀራራቢ ዋጋ ቀርበው ታገኛላችሁ። አንዱ በጊዜው ከሁሉም ውድ የነበረ፣ አሁን ሃያ ዓመት የሞላው ድራም ነው። ሌላው የቅርብ ጊዜ መካከለኛ ድራም ነው። አንዱ ሻጭ ሞጁል (ምቱን ወደ ድምፅ የሚቀይረውን ሳጥን) ብቻ ይሸጣል፣ ሌላው ሃይ-ሃት ብቻ። የቱ ይሻላል?

ብዙ ሞክሬ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ገንዘባችሁን መጀመሪያ እጅና እግራችሁ በሚነካው ነገር ላይ አውሉ። ጥሩ ድምፅ በኋላም ይገኛል። የማይመልስ ስኔርና የሚዋሽ ሃይ-ሃት ግን የፈለገ ድምፅ ቢጫንባቸው አይድኑም።

መጀመሪያ ችግሩን ለዩ

አንድ ሳምንት ስትለማመዱ ማስታወሻ ያዙ። የሚያናድዳችሁ ድምፁ ነው? የእጅ ስሜቱ ነው? ወይስ የጎረቤት ቅሬታ? ሦስቱም የተለያየ መፍትሔ አላቸው። ችግሩ ድምፁ ብቻ ከሆነ ምናልባት ድራም መቀየር አያስፈልጋችሁም።

አንድ ምሽት ደግሞ ለቅንብሩ ስጡ። በሞጁሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፓድ ሴንሲቲቪቲ (ፓዱ ለምት የሚሰጠው ምላሽ ልክ) እና ትሬሾልድ (እንደ ምት የሚቆጠረው ትንሹ ኃይል) የሚባሉ ቅንብሮች አሉ። ትሬሾልድ ዝቅ ሲል ስስ ምቶች መሰማት ይጀምራሉ። ከልክ በላይ ከወረደ ደግሞ ፓዱ ሳይመታ ይጮኻል። ብዙ ሰው "ድራሜ አይሰማም" የሚለው ይህን ሳይነካ ነው። አስተካክላችሁም ካልረካችሁ ያኔ ወደ ግዢ እንሂድ።

በምን እንመዝናቸው?

*የፓዱ ምላሽ።* ሦስት ዓይነት ገጽ አለ፦ ጎማ፣ ሜሽ እና ሲሊኮን። ጎማ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ግን የእጅ አንጓን ያደክማል፣ ክፍል ውስጥም ከሁሉም በላይ ይንኳኳል። ሜሽ መረብ ነው። ሮላንድ ከድራም ቆዳ አምራቹ ከሬሞ ጋር ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1997 ቲዲ-10 ከሚባለው ድራሙ ጋር ገበያ ላይ አወጣው። አየር ስለሚያሳልፍ ድምፁ ትንሽ ነው፤ እንደ ተራ ድራም በቁልፍ ይወጠራል፣ ይላላል። አንድ ጉድለት አለው፦ ከእውነተኛ የድራም ቆዳ በላይ ይነጥራል። ይህ እጅ ያባልጋል። ሜሽ ላይ የለመደ ሰው ተራ ድራም ላይ ሲቀመጥ ዱላው አልመለስ ይለዋል። ስለዚህ ቶሞቹን (ከስኔሩና ከኪኩ ሌላ ያሉትን ከበሮዎች) ላላ አድርጉ። ያማሃ የሚጠቀምበት በውስጡ የአየር አረፋ ያለው ሲሊኮን ብዙ አይነጥርም፤ ለእኔ በተለይ ቶም ላይ ወደ እውነተኛው ይቀርባል። ለስላሳ ስሜቱን የማይወዱ አሉ፤ ሳትሞክሩ አትወስኑ።

የስኔሩ ስፋትም ከገጹ ያላነሰ ዋጋ አለው። ከ8 ኢንች ወደ 12 ኢንች ስትሄዱ ሪሙና (የጠርዙ ቀለበትና) ገጹ አንድ ላይ የሚመታበት ምት ወደ ተፈጥሮ ቦታው ይመለሳል። ከገጹ ሥር ፒዬዞ የሚባል ትንሽ ሴንሰር አለ። በብዙ ፓዶች መሃል ላይ፣ በሾጣጣ ስፖንጅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ልክ መሃሉ ሲመታ ድምፁ ከሌላው ቦታ በላይ ይጮኻል። ይህ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ይለመዳል። ትልቅ ከሆነ ልምምዳችሁን ያበላሻል።

*ሃይ-ሃት።* ከሁሉም መስፈርት ለዚህኛው ብዙ ክብደት እሰጣለሁ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማይንቀሳቀስ ፓድ ራክ (ድራሙን የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ) ላይ ይታሰራል፣ መሬት ላይ ደግሞ ለብቻው የቆመ ፔዳል አለ። የሮላንድ ኤፍዲ-8 እና ኤፍዲ-9 ፔዳሎች እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው በእውነተኛ የሃይ-ሃት ስታንድ ላይ ተቀምጦ ከእግራችሁ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የሮላንድ ቪኤች-10 እና ቪኤች-11፣ የያማሃ አርኤችኤች135 ከዚህ ወገን ናቸው።

ልዩነቱ የሚገባችሁ ግማሽ ክፍት አድርጋችሁ ስትመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት እግር የሚጫነው ስፕሪንግ ነው፤ የሲምባሎቹን መነካካት አይሰማውም። በሁለተኛው ሲምባሉ ሲዘጋ እግራችሁ ያውቀዋል፣ ዱላችሁም ያውቀዋል። ግራ እግሩን በቁም ነገር ማሠልጠን የሚፈልግ ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ይግዛ። ሞጁሉ ያንን ሃይ-ሃት እንደሚቀበል ግን ከመመሪያው አረጋግጡ። የአንዱ ድርጅት የሃይ-ሃት ፔዳል ከሌላው ሞጁል ጋር ሁልጊዜ አይግባባም፤ ክፍቱን ዝግ አድርጎ ሊያነበው ሁሉ ይችላል።

*ሞጁሉ።* ስንት መቶ ድምፅ እንዳለው አትቁጠሩ። ከእነዚያ ውስጥ ዘወትር የምትጠቀሙት ጥቂቱን ነው። ይልቅ መሰኪያዎቹን ቁጠሩ፦ ሁለተኛ ክራሽ (ለአጽንኦት የሚመታ ሲምባል) ይቀበላል? ራይዱ (ምት የሚያዝበት ትልቁ ሲምባል) ቤሉን (የመሃሉን ጉብታ)፣ ገጹንና ጠርዙን ለይቶ ያሰማል? የራሳችሁን ድምፅ ማስገባት ይቻላል? በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል ወይስ የድሮው ባለ አምስት እግር ሚዲ (ምቱን ለሌላ መሣሪያ የሚያስተላልፍ መስመር) ብቻ ነው ያለው? ከዚያ ስኔሩ ላይ ፈጣን ሮል (የማያቋርጥ ተከታታይ ምት) አድርጉ። ሁሉም ምት አንድ ዓይነት ሆኖ እንደ መትረየስ ከተንጣጣ ሞጁሉ ደካማ ነው።

*ጩኸት።* ታች ያለን ጎረቤት የሚረብሸው ከፓዱ ይልቅ ከኪኩ (በእግር ፔዳል ከሚመታው ከበሮ) የሚወርደው ንዝረት ነው። ሜሽ መግዛት ይህን አይፈታም። ድራመሮች በሁለት ጣውላ መሃል የቴኒስ ኳስ ደርድረው የሚሠሩት መድረክ ከብዙ ውድ ዕቃ ይሻላል።

*ጥገና።* ሜሽ፣ ሾጣጣ ስፖንጅና ገመድ በቀላሉ ይቀየራሉ። የተሰነጠቀ ሲምባልና በውስጡ ያለው የጠርዝ ስዊች ግን ያስቸግራሉ። ሞጁል ከሞተ ደግሞ ድራሙ ሁሉ ቆመ ማለት ነው። ያገለገለ ዕቃ ስትገምቱ የደከመው ክፍል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቁ።

አንደኛው መንገድ፦ ያለውን ይዞ በቁራጭ ማሻሻል

ያላችሁን ሞጁልና ራክ ትይዛላችሁ። መጀመሪያ ስኔሩን፣ ከዚያ ሃይ-ሃቱን፣ ከዚያ ኪኩን ትቀይራላችሁ። ገንዘቡ በአንዴ አይወጣም። የማያስፈልገውንም አትገዙም።

ወጥመዱ ሞጁሉ ነው። ብዙ የጀማሪ ሞጁሎች የሚቀበሉት የተወሰነ ነው። ትልቅ ባለ ሁለት ዞን (ገጹንና ሪሙን ለይቶ የሚያሰማ) ፓድ ገዝታችሁ ሪሙ ዝም ሊል ይችላል፤ መሰኪያው አንድ ዞን ብቻ ያነባልና። አንዳንዴ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ለባለ ሁለት ዞን ፓድ ስቴሪዮ ገመድ ያስፈልጋል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት አለው። ባለ አንድ ቀለበቱ ሞኖ ነው፣ ሪሙን አያሳልፍም።

ሌላው ወጥመድ ድምሩ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የሦስቱን ቁራጭ ዋጋ ደምሩ። ብዙ ጊዜ ያገለገለ ሙሉ ድራም ዋጋ ላይ ይደርሳል። እንደዚያ ከሆነ ሙሉውን ግዙ፣ የድሮውን ሽጡ። ይህ መንገድ የሚያዋጣው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነገር ብቻ ለሚያስቸግራችሁ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ የድሮ ከፍተኛ ደረጃ ድራም

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሮላንድ ቲዲ-20፣ ታናሹ ቲዲ-12፣ የያማሃ ዲቲኤክስትሪም ሦስት ከዚህ ይመደባሉ። በጊዜያቸው ለመድረክና ለስቱዲዮ የተሠሩ ናቸው። ራካቸው ከባድ ነው፣ ፓዶቻቸው ሰፊ ናቸው፣ መሰኪያቸው ብዙ ነው። የቲዲ-20 ሞጁል ስኔሩ ላይ ዱላው መሃል ይሁን ጠርዝ ላይ የት እንዳረፈ ሳይቀር ይለያል። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ የእጅ ምላሽ ከሌላ ቦታ አታገኙም።

ድምፃቸው ግን ዕድሜውን ያሳያል። ሲምባሎቹ ቶሎ ይቆረጣሉ፤ ክፍል ውስጥ የሚመታ ድራም የማስተጋባት ስሜት ያንሳቸዋል። ቲዲ-20 ዩኤስቢ የለውም፤ ቅንብር የሚቀመጥበትም ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው የድሮ ካርድ ነው። ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ሚዲን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ዕቃ ትገዛላችሁ። መለዋወጫም ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው።

እኔ የገዛሁት ከዚህ ወገን ነበር። ሻጩ ቤት ራይዱን ፊት ለፊት ብቻ መትቼ ወሰድኩት። ቤት ደርሼ ዙሪያውን ብመታው የጠርዙ ግማሽ ዝም ይላል። ስዊቹ አልቋል። ሌላ ራይድ ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ። ድራሙን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ከታች የምጽፈው አፈታተሽ ግን ከዚያ ቀን የመጣ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ የቅርብ ጊዜ መካከለኛ ድራም

የሮላንድ ቲዲ-17 እ.ኤ.አ. በ2018፣ የያማሃ ዲቲኤክስ6 በ2020 ወጡ። ፓዶቻቸው ከድሮዎቹ ከፍተኛ ድራሞች ያነሱ ናቸው፤ ቶሞቹ በተለይ። ድምፃቸው ግን በጣም ይሻላል። በዩኤስቢ ድምፅም ሚዲም ያስተላልፋሉ። ቲዲ-17 በኤስዲ ካርድ የራሳችሁን ድምፅ ይቀበላል፣ ከስልካችሁ በብሉቱዝ ዘፈን ይጫወታል። ለልምምድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው መጫወት ሰውን ወደ ድራሙ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ከስሙ ኋላ ያሉትን ፊደላት አስተውሉ። ቲዲ-17ኬቪ እና ቲዲ-17ኬቪኤክስ ሞጁላቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ግን የተለየ ፔዳልና የማይንቀሳቀስ የሃይ-ሃት ፓድ ይዞ ነው የወጣው። ሁለተኛው በስታንድ የሚቆመው ቪኤች-10 አለው። ሻጭ "ቲዲ-17" ብቻ ብሎ ከጻፈ የሃይ-ሃቱን ፎቶ ጠይቁ። ያማሃም እንዲሁ በፊደልና በቁጥር ይለያቸዋል።

በጀቱ ከፈቀደ ቲዲ-27 አንድ እርከን ከፍ ይላል። የቲዲ-27ኬቪ 14 ኢንች ስኔርና 18 ኢንች ራይድ ዲጂታል ናቸው። በዩኤስቢ ነው የሚገናኙት፤ የዱላውን ቦታ በደንብ ያነባሉ። እነዚህን ፓዶች ለብቻቸው ገዝታችሁ ቲዲ-17 ላይ ልሰካ ብትሉ ግን አይሠራም፤ መሰኪያው የለውም።

አራተኛው መንገድ፦ ፓዱን ይዞ ድምፁን ከኮምፒውተር

ያላችሁ ፓድ ከተመቻችሁ፣ ድምፁ ብቻ ከሰለቻችሁ፣ ይህ ከሁሉም ርካሹ ነው። ሞጁሉ ምቱን በሚዲ ይልካል፤ ኢዚድራመር ወይም አዲክቲቭ ድራምስ የመሰለ ፕሮግራም በስቱዲዮ የተቀዳ እውነተኛ ድራም ያሰማል። ልዩነቱ መጀመሪያ ቀን ያስደነግጣል።

ጠላቱ መዘግየት ነው። ድምፅ በ10 ሚሊ ሰከንድ 3.4 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 10 ሚሊ ሰከንድ የሚዘገይ ኮምፒውተር ድራሙን ከዚያ ርቀት እንደመስማት ነው። ይህ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ እጅ መንሸራተት ይጀምራል። ጥሩ የድምፅ ካርድ ያስፈልጋል፤ የባፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያከማችበት) ቅንብሩን ወደ 128 ሳምፕል አውርዱ፣ ይህ በ44.1 ኪሎ ኸርዝ 3 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። የብሉቱዝ ሄድፎን ፈጽሞ አትጠቀሙ። እሱ ብቻውን ሁሉንም ያበላሸዋል።

ሚዲ የምትን ጥንካሬ የሚጽፈው ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ነው። ፓዱ ስስ ምትን ካላነበበ ፕሮግራሙ ከየት ያመጣዋል? ሃይ-ሃቱ መሃል ከሌለው ፕሮግራሙም አይኖረውም። መጀመሪያ የምትነኩትን ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

አምስተኛ መንገድም አለ፦ ተራ ድራም ላይ ሜሽ ወጥሮ ትሪገር (ምቱን የሚያነብ ሴንሰር) ማሰር። መልኩ ያምራል፣ ስፋቱም እውነተኛ ነው። ግን ሲምባሎቹና ሞጁሉ ለብቻ ይገዛሉ፣ ቦታም ይፈልጋል። በእጁ መሥራት ለሚወድ ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

በአንድ እይታ

| መስፈርት | በቁራጭ ማሻሻል | የድሮ ከፍተኛ ደረጃ | የቅርብ ጊዜ መካከለኛ | ድምፅ ከኮምፒውተር |
|---|---|---|---|---|
| የፓድ ምላሽ | በገዛችሁት ልክ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | አይለወጥም |
| ሃይ-ሃት | ሞጁሉ ከተቀበለ ጥሩ | ብዙ ጊዜ ጥሩ | በፊደሉ ይለያያል | አይለወጥም |
| የድምፅ ጥራት | የድሮው | ያረጀ | ጥሩ | ከሁሉም የተሻለ |
| ከኮምፒውተር ጋር መገናኘት | እንደ ሞጁሉ | ተጨማሪ ዕቃ ሊፈልግ ይችላል | ቀላል | የግድ |
| ቦታ | ትንሽ | ብዙ | መካከለኛ | ትንሽ |
| የመበላሸት ስጋት | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| የሚያስፈልግ ገንዘብ | ጥቂት በጥቂት | መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ዝቅተኛ፣ ኮምፒውተር ካላችሁ |

እንደየሰዉ

ገንዘቡ ጠባብ ከሆነ ባለ 12 ኢንች ያገለገለ የሜሽ ስኔር ግዙ፤ ኮምፒውተር ካላችሁ ድምፁን ከዚያ አምጡ። ለአንድ ዓመት ይበቃችኋል።

መካከለኛ በጀት ያለውና ቤት ውስጥ የሚለማመድ ሰው ወደ ሦስተኛው መንገድ ይሂድ። በስታንድ የሚቆም ሃይ-ሃት ያለውን ይምረጥ፤ ለዚያ ሲል ትንሽ ወራት መጠበቅም ይገባዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የተጠየቀው ዋጋ ከአዲሱ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ፣ ዋስትና ያለውን አዲሱን አስቡ።

ቀረጻ የሚሠራ፣ ገመድና ቅንብር የማይፈራ ሰው የድሮውን ከፍተኛ ደረጃ ገዝቶ ድምፁን ከኮምፒውተር ቢያወጣ የሁለቱንም ጥሩ ጎን ያገኛል። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምጫወተው። መድረክ ላይ ለሚጫወት ግን ኮምፒውተር አልመክርም። በዘፈን መሃል ቢቆም ማን ያስነሳዋል? በሞጁሉ ድምፅ የሚረካበትን ድራም ይፈልግ። ለልጅ የሚገዛ ወላጅ ደግሞ የሚስተካከል ራክና ጤነኛ ሃይ-ሃት ይበቃዋል። ስለ ሌላው አይጨነቅ።

ሻጩ ዘንድ ስትሄዱ

የራሳችሁን ዱላ፣ ባለ ገመድ ሄድፎንና የኪክ ፔዳል ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ድራም ያለ ኪክ ፔዳል፣ ያለ ሃይ-ሃት ስታንድና ያለ ወንበር ነው የሚሸጠው፤ ዋጋ ስትከራከሩ ይህን አስቡበት።

ስኔሩን ከሹክሹክታ ጀምራችሁ እስከ ሙሉ ኃይል ምቱ። ድምፁ በደረጃ ማደግ አለበት እንጂ መዝለል የለበትም። ሪሙን ዙሪያውን ምቱ። ሲምባሉን በየቦታው፣ ጠርዙን አንድ ጣት አንድ ጣት እየተራመዳችሁ ምቱ። ከዚያ በእጅ ይዛችሁ አፍኑት፤ ወዲያው ዝም ማለት አለበት። ሃይ-ሃቱን ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ ክፍት አድርጉ። በእግር ብቻም ዝጉት። አንድ ቶም ስትመቱ ሌላ ፓድ ከጮኸ አትደንግጡ፤ ያ ብዙ ጊዜ በቅንብር ይስተካከላል።

የሆነ ፓድ ዝም ካለ ገመዱን ከሚሠራ ፓድ ጋር አቀያይሩ። ችግሩ ፓዱን ተከትሎ ከሄደ ፓዱ ነው። መሰኪያው ላይ ከቀረ ሞጁሉ ነው፤ ያኔ ዋጋው በጣም ካልወረደ ተዉት።

ቲዲ-17ን ጨምሮ ብዙ ድራሞች ሁሉንም ፓድ የሚያገናኘው አንድ ወፍራም ገመድ ነው። ጫፉ የድሮ ፕሪንተር ሶኬት ይመስላል። እሱ ከጎደለ በቀላሉ አይተካም። አዳፕተሩንም እዩ። በብዙ የሮላንድ ሞጁሎች 9 ቮልት ሆኖ መሃሉ ኔጋቲቭ ነው፤ የሌላ ድርጅት ደግሞ 12 ቮልትና መሃሉ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ስለገጠመ ብቻ የተገኘውን ከሰካችሁ ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ከሞጁሉ ጀርባ ጋር አመሳክሩ።

ከተስማማችሁ ድራሙን ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ማያያዣ ራኩ ላይ የት እንደታሰረ፣ የትኛው ገመድ የት እንደገባ በደንብ ይታይ። ብሎኖቹን በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ አፉን እሰሩ፣ ከሞጁሉ ጋር ያዙት።